ቀን ሲቪል ምህንድስና፣ ማታ ታሪክ

ቀን አምስት ኪሎ ሲቪል ምህንድስና፣ ማታ ደግሞ በኤክስቴንሽን ስድስት ኪሎ ታሪክ እየተማርሁ ሦስት ዓመት አሳልፌአለሁ። በሁለቱ ግቢዎች መካከል ያለው በብሔራዊ ሙዚየም በር የሚያልፍ አጭር ዳገት ብቻ ነው፤ በተማሪ ምደባ ግን እጅግ የተራራቁ ናቸው። ተማሪ አሥራ አንደኛ ክፍል ሲገባ ተፈጥሮ ወይም ማኅበራዊ ሳይንስ ብሎ ይለያል፤ በ2000 ዓ.ም. የመጣው የሰባ ሠላሳ ምደባም ሰባ በመቶው ተማሪ ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲገባ ስላቀደ፣ ታሪክ በብዙ ቤተሰብ ዘንድ ነጥብ ላልመጣለት የተተወ ትምህርት መሰለ። እናቴም «ልጄ፣ አንዱን ያዝ» ትለኝ ነበር።

ሁለቱ ትምህርቶች ለእኔ የተገናኙት አክሱም ላይ ነው። ከሮም የተመለሰው ሐውልት ቁመቱ 24 ሜትር፣ ክብደቱ 160 ቶን ገደማ ነው፤ በስትራክቸር ትምህርት ዓይን ከሥሩ የታሰረ ምሰሶ ስለሆነ ክብደቱን፣ ነፋሱንና መሠረቱን አሰላሁ። ፊቱ ላይ ተደርድረው ጎልተው የወጡት ክብ ቅርጾች ግን በስሌቴ ውስጥ ምንም ሸክም አልነበራቸውም። ከግድግዳ የሚወጡ የእንጨት ወራጆችን ጫፍ በድንጋይ የሚያስመስሉ መሆናቸውን፣ እውነተኞቹም በደብረ ዳሞ ቤተ ክርስቲያን እንደሚታዩ የተረዳሁት በማታው ክፍል ነው። በ1898 ዓ.ም. አክሱምን ያጠናው የጀርመን ቡድንም የቋንቋ ሊቁን ኤኖ ሊትማንንና አርክቴክቱን ዳንኤል ክሬንከርን አብሮ ያሠራ ነበር፤ አንዱ የድንጋዩን ጽሑፍ ሲያነብ ሌላው ድንጋዩን ይለካል። ሐውልቱ በ2000 ዓ.ም. ዳግም ከመቆሙ በፊት በአካባቢው ከመሬት በታች መቃብሮች በመገኘታቸው፣ የመሠረቱ ጉዳይ የመሐንዲስ ብቻ ሊሆን አልቻለም።

ፈተናዎች ሲጋጩ ከባድ ነበር፤ አንድ የዲዛይን ኮርስ ውጤቴም ዝቅ ብሎብኛል። ይህን ሁሉ ያካካሰልኝ አንድ ልማድ ነው። በምህንድስና ክፍል ቁጥር ይሰጠንና እናሰላለን፤ የታሪክ መምህሬ ግን ማን ጻፈው፣ መቼ፣ ስለ የትኛው ቦታ የሚሉትን ሳልመልስ ያቀረብሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ መልሰውብኛል።

ሥራ በጀመርሁ በመጀመሪያው ዓመት የአንድ ሕንፃ የአፈር ምርመራ ሪፖርት ሲሰጠኝ፣ የመሸከም አቅሙን ወስጄ መሠረቱን ከማስላቴ በፊት እነዚያኑ ጥያቄዎች ጠየቅሁ። ቁጥሩ የተወሰደው ከአጎራባቹ ይዞታ ነበር። ሥራው ሁለት ሳምንት ቆሞ፣ በራሳችን ይዞታ ላይ አዲስ የምርመራ ጉድጓድ ተቆፈረ።