ፊውዝ ከመቀየር በፊት የመኪናውን ማሳ ፈትሹ
የዛሬው አሮጌ መኪና ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው) ከብዶት ይዞራል፣ መብራቱም ይደበዝዛል። እንዲህ ሁለት ሦስት ነገር አብሮ ሲደክም መጀመሪያ ከሚጠረጠሩት አንዱ ማሳ፣ ማለትም የባትሪው ኔጌቲቭ ከሞተሩና ከመኪናው ብረት ጋር የሚገናኝበት መስመር ነው፤ አምፖልና ፊውዝ መቀያየር ገንዘብ ማባከን ብቻ ነው።

መልቲሜትሩን ዲሲ ቮልት ላይ አድርጉ። አንዱን ጫፍ በራሱ በባትሪው ኔጌቲቭ ላይ (የኬብሉ መያዣ ላይ አይደለም!)፣ ሌላውን ሞተሩ ብረት ላይ አስነኩና ሰው ሞተሩን ለማስነሳት ቁልፍ ያዙር። እስከ 0.2 ቮልት ደህና ነው። ግማሽ ቮልት ካለፈ ዝገት ወይም የላላ ብሎን አለ። በኦም መለካት እዚህ ያታልላል፤ ጥቂት የሽቦ ክር ብቻ የቀረው ኬብል እንኳ ጭነት ሳይኖርበት (ብዙ ኤሌክትሪክ ሳያልፍበት) ጤነኛ ይመስላል።

ኔጌቲቩን ፍቱ፣ መገናኛዎቹን ብረቱ እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ፈትጉ፣ አጥብቁ፣ ከላይ ግሪስ ቀቡ። ሞተሩን ከሻሲው የሚያገናኘውንም ሽቦ እዩልኝ፤ ሞተር ወርዶ ሲመለስ ሳይታሰር የሚረሳው እሱ ነው።