ጢም ያበቀለው ቆሮሶ

የገና ዕለት በአማቴ ቤት የተነገረች አንዲት ጥያቄ ከጆሮዬ አልወጣ ብላኝ ይኸው ጥምቀትም አለፈ። ቢሮ ተቀምጬ ደብዳቤ ሳረቅቅ ትሰማኛለች፤ ማታ ማታ በሐይቁ ዳር ስንሸራሸር ትከተለኛለች፤ ሌሊት ስነቃ ደግሞ ከነድምፅዋ ትመጣለች። ጥያቄዋ «ልጄ፣ ይኼ ጢም ያለው ነገር ምንድን ነው?» የምትል ናት። በጊዜው የሰጠሁት መልስ «ቆሮሶ ነው፣ እማማ» የሚል ነበር፤ ዛሬም ቢሆን ከዚህ መልስ ንቅንቅ አልልም።

ነገሩን ያመጣው የበግ ዋጋ ነው። ለአማቴ በግ ከተገዛ በኋላ በኪሴ የቀረው ገንዘብ ለሚስቴ አክስቶች ስጦታ መግዣ ቀርቶ ለመመለሻ የባጃጅ ሒሳብም የሚያጠራጥር ስለነበር፣ ስጦታውን በገዛ እጄ ሰፍቼ ለማቅረብ ወሰንሁ። ሙያው ለቤታችን እንግዳ አይደለም፤ አባቴ በ1950ዎቹ በጣሊያን የጦር ካሣ በተተከለው የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ዕድሜውን የፈጀ ሰው ሲሆን፣ ለእኔ ያወረሰኝም ባለመርገጫ ሲንጀርና ጨርቅን በጣት ዳስሶ ጥጥ ይሁን ናይለን የመለየት ችሎታን ነው። ወንድሜ ቤቱን ወረሰ፤ ይህን ግን አሁን አላነሣውም።

ምን እንደምሰፋ ለመወሰን ብዙ አላሰብሁም። የሚስቴ ዘመዶች የዶሮ ወጡን ብረት ድስት ከእሳት የሚያወርዱት በተገኘው ቡትቶ፣ ቡትቶው ሲጠፋም በነጠላቸው ጫፍ ስለሆነ፣ ወፈር ያለ የድስት ማውረጃ ቢሰፋላቸው ደስ እንደሚላቸው አልተጠራጠርሁም። በስልኬ ያየኋት አንዲት ሴት «በአሥር ደቂቃ የሚያልቅ የበዓል ስጦታ» ብላ በልብ ቅርጽ ሰፍታ አሳየች፤ አሥር ደቂቃው ክሩን በመርፌው ቀዳዳ ለማስገባት ብቻ እንደሚውል ግን አልተናገረችም። የሆነው ሆኖ፣ በጣና ዳር ተወልዶ ያደገ ሰው ለአማቱ የልብ ቅርጽ ሰፍቶ አይወስድም። እኔም ዓሣን መረጥሁ፤ ከዓሣም ማንም የማይጸየፈውን ቆሮሶን።

ሥራውን በሥርዓቱ ነው የሠራሁት። ናይለን ትኩስ ድስት ሲነካው ቀልጦ እጅ ላይ የሚጣበቅ በመሆኑ፣ ለውጪው ሙሉ በሙሉ ጥጥ የሆነና ነጠብጣብ ያለበት ጨርቅ ገዛሁ፤ ነጠብጣቡም ለቅርፊት ነው። ሁለቱን ቁራጮች ፊት ለፊት ገጥሜ፣ አፉን ብቻ ክፍት ትቼ፣ ዙሪያውን ሰፋሁ፤ ሲገለበጥ እንዳይጨማደድ ጥምዝ የሆነውን ጠርዝ በመቀስ ነካ ነካ አደረግሁት። በጀርባው ላይ እሾሃማውን ክንፍ በጥርስ ጥርስ ጥብጣብ አወጣሁ፤ በጅራቱም ላይ የቆሮሶ መለያ የሆኑትን ቀጥ ያሉ ስስ መስመሮች በጥቁር ክር ጠለፍሁ። ከዚያም ከቁም ሣጥኑ በላይ ተጣጥፎ ሲኖር ብል የበላውን አንድ የሱፍ ብርድ ልብስ በልኩ እየቆረጥሁ፣ ሙቀት እንዳያሳልፍ ሁለት ድርብ አድርጌ፣ በአፉ በኩል አጎረስሁት። የቀረው አፉን በእጅ ሰፍቶ መዝጋት ብቻ ነበር።

ስለ ክር ሳልናገር ማለፍ አይሆንልኝም። በዚህ ዘመን የሚሸጠው ክር ገና ከመርፌው ጋር ሲተዋወቅ የሚበጠስ ነው። ሻጩ «ኦርጅናል ነው» ብሎ ምሎ ይሰጥሃል፤ ቤትህ ወስደህ ስትስበው በጣትህ መካከል ይሟሟል፤ መልሰህ ስትሄድ ደግሞ «ወንድሜ፣ እጅህ ከባድ ሆኖ ነው» ይልሃል። አባቴ በሰፋልኝ ሱሪ ዛፍ ላይ ተንጠልጥዬ አውቃለሁ፤ ሱሪውም እኔም አልተቀደድንም። በዘንድሮው ክር የተሰፋ ሱሪ ግን በወንበር ላይ ለመቀመጥም የሚያስተማምን አይደለም። እንግዲህ የዓሣው አፍ ሲዘጋ ክሩ በየጥቂቱ እየተበጠሰ አስቸገረኝ፤ እያንዳንዱን ጫፍ አጥብቄ ቋጠርሁና፣ አጭር ቢቆረጥ ቋጠሮው ይፈታል በሚል ጥንቃቄ ጫፎቹን ረዘም አድርጌ ተውኋቸው። ለሁሉም ዓሦች ያደረግሁት እንዲሁ ነው። ማንኛውም ልብስ ሰፊ የማደርገውን ቢያይ አመስግኖኝ ይሄድ ነበር።

የገና ዕለት ጾሙ ተፈቶ፣ ቤቱ ተጎዝጉዞ፣ ቡናው ሲቀርብ ስጦታዬን አወጣሁ፤ አንዱን ለአማቴ፣ ሦስቱን ለሦስቱ አክስቶች። ታላቂቱ አክስት ነጠብጣቡን አይታ ኩፍኝ ይዞት እንደሆነ ጠየቀች፤ ይህንስ ታግሼ አለፍሁት። አማቴ ግን ዓሣውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አቅርበው፣ አገላብጠው ካዩት በኋላ ያችን ጥያቄ ጠየቁ።

ወዲያውኑ በሐይቁ ዳር ዓሣ እየበለተ የሚተዳደረው የሚስቴ ወንድም ተጠራ። እጁን ጠርጎ መጥቶ፣ የዓሣውን አገጭ በሁለት ጣቱ ይዞ፣ የክር ጫፎቹን በግራም በቀኝም ቆጠረና 8 መሆናቸውን አወጀ። የአምባዛ ጢም በአፉ ዙሪያ አራት ጥንድ፣ በድምሩ 8 እንደሆነ ባሕር ዳር ውስጥ የማያውቅ ሕፃን የለም። ከዚህች ደቂቃ በኋላ እኔ ስለ ጅራቱ መስመሮችና ስለ ጀርባው እሾህ የተናገርሁትን ሁሉ የሰማኝ ሰው አልነበረም። «እንዲህ ያለ ጢም እያለ ጅራቱን ማን ያየዋል?» አለኝ፤ ሰውየው በቀን ስንት ዓሣ እንደሚበልት ስለሚታወቅ ይግባኝ የሚባልበት ችሎት አልተገኘም።

አማቴ አምባዛን በቤታቸው አስገብተው አያውቁም። ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የውኃ ፍጥረት አትብሉ የሚለውን የዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ትእዛዝ የሚጠብቁት ሳይሸራርፉ ነው፤ ሰፈርተኛው አምባዛ ሲጠብስ መስኮታቸውን የሚዘጉ ሴት ናቸው። አሁን ደግሞ በገና ዕለት፣ ከዶሮ ወጡ ድስት ጋር እንዲነካካ ተብሎ፣ ባለ 8 ጢም አምባዛ በገዛ አማቻቸው እጅ ቀርቦላቸዋል። ዳቦውን ሊባርኩ የመጡት የንስሐ አባታቸው መምሬ ጉዳዩን እንዲያዩት ተጠየቁ። መነጽራቸውን አድርገው መረመሩት፤ እሳቸውም ጢሙን ቆጠሩት። የጨርቅ ዓሣ የሚበላ ባለመሆኑ ድስቱን እንደማያረክስ ካስረዱ በኋላ፣ «ለሚያይ ዓይን ግን አይመችም» ብለው ጨመሩበት፤ ከዚያ በፊት የተናገሩትን ሁሉ ያፈረሰችውም ይህች ጭማሪ ናት።

መካከለኛዋ አክስት ጢሙ ቢላጭስ የሚል ሐሳብ አቀረበች። ክርክሩም ተላጭቶ ያደረ አምባዛ ቆሮሶ ይሆናል ወይስ ጢም የሌለው አምባዛ ሆኖ ይቀራል ወደሚል ተሸጋገረ። የሚስቴ ወንድም ዘር በምላጭ አይለወጥም አለ። ታናሺቱ አክስት ነጠብጣቡ ቅርፊት ነው ከተባለ ዓሣው ገና ከመነሻው ንጹሕ እንደነበር ተከራከረች፤ ለእኔ የቆመች ብቸኛ ሰው እሷ ነበረች፤ ነገር ግን ወዲያው ኩፍኝ ያለችው እኅቷ ስለሳቀች ተሸማቅቃ ዝም አለች። ሁለተኛው ቡና ሲቀዳ ጢሙ ወደ ኋላ ታጥፎ በመርፌ ቢያዝ እንዴት ይሆናል እየተባለ ነበር። እኔ በዚህ ሁሉ መካከል ዓሣውን የሰፋሁት ሰው መሆኔን፣ ምን ለመስፋት እንዳሰብሁም ከሁሉም ይልቅ የማውቀው እኔ መሆኔን ለማስታወስ ሞክሬ ነበር። መምሬ በትሕትና «ልጄ፣ ሐሳብህ ቆሮሶ ሊሆን ይችላል፤ የወጣው ግን ይኸው ነው» አሉኝ።

በመጨረሻ አማቴ መቀስ አስመጡ። ዓሣውን ጭናቸው ላይ አጋድመው፣ አገጩን ወደ ላይ ቀና አድርገው፣ ጢሞቹን ከሥር ከሥራቸው ላጩ። ቋጠሮዎቹ አብረው መቆረጣቸውን ለመናገር አፌን ከፍቼ ነበር፤ ሆኖም ስለዚህ ዓሣ የምናገረው ነገር በዚያ ቤት ዋጋ ካጣ ቆይቷል። አማቴ በተላጨው ዓሣ ደስ ብሏቸው፣ መልኩን ለማየት ከሆዱ ጨበጥ ሲያደርጉት፣ አፉ ቦግ ብሎ ተከፈተና የዋጠውን ይተፋ ጀመር። መጀመሪያ ቡናማ የሱፍ ቁራጭ ወጣ፤ ቀጥሎም ቢጫ ጠርዙ ተከተለ፤ በጠርዙ ላይ ደግሞ አማቴ በእጃቸው የጠለፉት የሚስቴ ስም የመጀመሪያ ሁለት ፊደላት ነበሩ። በሠርጋችን ዕለት፣ እልልታው ቤቱን እስኪነቀንቅ፣ በሽማግሌዎች ፊት በትከሻችን ላይ ያለበሱን ብርድ ልብስ ነው።

ብል የበላው መሆኑን ላስረዳ ስል ሚስቴ እግሬን ረገጠችኝ። አማቴ አንድም ቃል አልተነፈሱም፤ ሦስቱ አክስቶች በእጃቸው የያዟቸውን ሦስት ዓሦች በተራ በተራ ካዩ በኋላ መቀሱን እንደገና አነሡ።