ጂሲፒ ሳድስ ከኮምፒውተሩ ውጭ የተማርኩት

ክሊኒካል ጥናት ላይ የምትሠሩ ይህን ታውቁታላችሁ። አዲስ ጥናት ሊጀመር ሲል መጀመሪያ የምትጠየቁት ፕሮቶኮሉን (የጥናቱን ዕቅድ ሰነድ) ማንበባችሁን ሳይሆን የጂሲፒ ሰርተፍኬታችሁን ነው፤ ጂሲፒ ማለት ክሊኒካል ጥናት በሥነ ምግባርና በጥራት የሚሠራበት ደንብ ነው። «ጂሲፒህ ጊዜው አላለፈም?» ካለፈ ወዲያው አንዱ ቴሌግራም ላይ ይጽፋል፦ «የጥያቄዎቹ መልስ ያለው ሰው በናታችሁ ይላክልኝ።» ይላክለታል። የሐቀኝነት ፈተና በኩረጃ ታልፎ ሰርተፍኬቱ ፋይል ውስጥ ይገባል። የሚስቅ እንኳ የለም።

እኔ ነርስ ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ የጥናት አስተባባሪ ሆኜ እሠራለሁ። የሰርተፍኬቴ ጊዜ ሲደርስ በዚህኛው ዙር ነገሩን በደንብ ልማረው አልኩ። ትልቁ ምክንያት ሕጎቹ ራሳቸው መለወጣቸው ነው። በሰው ላይ ለሚደረግ የሕክምና ምርምር የሥነ ምግባር መመሪያ የሆነው የሄልሲንኪ መግለጫ እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ ብዙ ጊዜ ተሻሽሏል፤ የመጨረሻው ማሻሻያ የወጣው በጥቅምት 2024 ነው። የጂሲፒው ሰነድ፣ ኢ6 የሚባለው፣ ሦስተኛ ማሻሻያው በጥር 2025 ጸደቀ። የአሜሪካው ብሔራዊ የጤና ተቋም፣ ኤንአይኤችም፣ እ.ኤ.አ. ከ2017 መግቢያ ጀምሮ በገንዘቡ በሚካሄዱ ክሊኒካል ሙከራዎች ላይ የሚሠሩ ሁሉ ቢያንስ በየሦስት ዓመቱ ሥልጠናውን እንዲያድሱ ይጠብቃል። ሦስት ዓመት የሚለው ቁጥር ለማስጨነቅ ብቻ የመጣ አይደለም ማለት ነው።

ኮርሱን የወሰድኩት በነፃ ከሚሰጡት ነው። ግሎባል ኸልዝ ትሬይኒንግ ሴንተር የጂሲፒም የምርምር ሥነ ምግባርም ኮርስ አለው። ትሪ የሚባለውም ነፃ ነው፤ በተለይ ለሥነ ምግባር ኮሚቴ አባላት ይመቻል። ሲቲአይ የሚባለው የአሜሪካ ኮርስ የታወቀ ቢሆንም ተቋማችሁ ካልከፈለ ከኪስ ነው። እኔ ማታ ማታ ነበር የምማረው፤ የሌሊት ጥቅል ይረክሳል፣ ኔትወርኩም ይሻላል። አንድ ሞጁል በአንድ ምሽት፣ ከዚያ በላይ አልሄድም። ሁለት ካነበብኩ የመጀመሪያው ይጠፋብኛል።

ብዙው ኮርስ ተስኪጊ የሚባለውን የአሜሪካ የቂጥኝ ጥናት ያስተምራል። ያስፈልጋልም። ከ1932 እስከ 1972 አላባማ ውስጥ 399 ቂጥኝ ያለባቸው ጥቁር አሜሪካውያን ሕመማቸው በቅጡ ሳይነገራቸው፣ ፔኒሲሊን ከተገኘ በኋላም ሳይታከሙ፣ በሽታው እስከ ሞት ምን እንደሚያደርግ ተጠና። የምርምር ሥነ ምግባር መርሆዎችን ያስቀመጠው የቤልሞንት ሪፖርት በ1979 የወጣው ከዚህ ጉድ በኋላ ነው። ግን አንድ የኛ ዳታ ሰብሳቢ ይህን ሰምቶ «ጨካኞች ናቸው» ይልና ወደ ሥራው ይመለሳል። ራሱን እዚያ ውስጥ አያየውም።

ራሱን የሚያይበት ምሳሌ ወላይታ ላይ አለ። ፖዶኮኒዮሲስ፣ በተለምዶ ዝሆኔ ከሚባሉት የእግር እብጠቶች አንዱ፣ በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ለዓመታት በመሄድ የሚመጣ ነው። በዘር የመጋለጥ ነገርም አለበት። ተመራማሪዎች የዘረመል ጥናት ሊሠሩ ሲሉ ችግር ገጠማቸው። ሰዉ «የዘር በሽታ ነው» ከተባለ ቤተሰቡ ይገለላል፤ ልጆቹን የሚያገባ ይጠፋል። ስለዚህ ፈቃድ ከመጠየቃቸው በፊት ማኅበረሰቡ ምን እንደሚያስብና ምን እንደሚፈራ በቃለ መጠይቅ ጠየቁ፤ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2009 አሳተሙ። ከዚህ ዓይነቱ ሥራ ፈጣን የሥነ ምግባር ዳሰሳ የሚባለው ዘዴ አገራችን ውስጥ አደገ። የ2024ቱ ሄልሲንኪ ማኅበረሰቡን ከጥናቱ በፊትም፣ በጥናቱ ጊዜም፣ ከዚያ በኋላም አሳትፉ ሲል ለኛ አገር ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ይህን ምሳሌ ለባልደረቦቼ ስነግራቸው ክፍሉ ውስጥ ክርክር ተነሣ። ተስኪጊ ላይ ክርክር ተነሥቶ አያውቅም።

ያኔ ነው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ለግማሽ ሰዓት እንቀመጥ ያልነው። አበል የለም፣ ፓወርፖይንት የለም። አበል ያለበትንማ አይተነዋል፤ ጠዋት ይፈረምና ከሻይ በኋላ አዳራሹ ባዶ ይሆናል። የኛ ሕግ አንድ ብቻ ነው፦ አንድ ሰው ካለፈው ሳምንት ሥራችን አንድ እውነተኛ ወረቀት ይዞ ይመጣል፤ የተሳታፊው ስምና መለያ ተሸፍኖ።

መጀመሪያ ያመጣነው የስምምነት ቅጹን ነው። ጥናቱን የማታውቅ አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ባልደረባችን እንድታዳምጥ ለመንናት። አንዱ አነበበላት። «ተሳትፎዎ ሙሉ በሙሉ በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ ነው» የሚለው ላይ ሲደርስ አቋረጠችውና «እንግዲህ እምቢ ካልኩ ካርድ አታወጡልኝም ማለት ነው?» አለች። ቅጹ ላይ መልሱ አለ፣ ግን ሁለት ገጽ ዘልቆ ነው። «እምቢ ቢሉም ሕክምናዎ አይቀርም» የሚለው ዓረፍተ ነገር ወደ ላይ እንዲወጣ ማሻሻያ ጽፈን ለአይአርቢ (ጥናቶችን ለሚያጸድቀው የሥነ ምግባር ኮሚቴ) አስገባን። የጸደቀ ቅጽ በራሳችሁ እጅ አይነካም፤ አንዲት መስመር ብትሆንም ፈቃድ ይጠየቅባታል። መዘግየቱ ያናድዳል፣ ግን ይኬዳል።

ሌላው «ገባዎት?» የሚለው ጥያቄ ነው። እኛ ዘንድ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው፤ ለዶክተር ደግሞ «አልገባኝም» ማለት ነውር ይመስላል። «እናንተ ታውቃላችሁ ልጄ» ይሉና ለመፈረም እጃቸውን ይዘረጋሉ። አሁን የምንጠይቀው እንዲህ ነው፦ «ቤት ሲገቡ ባለቤትዎ ምን ሊያደርጉልሽ ነው ብለው ቢጠይቁ ምን ይሏቸዋል?» አንዲት እናት «የተሻለውን መድኃኒት ይሰጡኛል እላቸዋለሁ» አሉኝ። የሚያስረዳ ነገር እንደቀረኝ ወዲያው ታየኝ። የትኛው እንደሚሻል ብናውቅ ኖሮ ጥናቱ አያስፈልግም ነበር። ይህንኑ እንደዚሁ ነገርኳቸው፤ ትንሽ አሰቡና «እንግዲያ ባሌን ላማክር» ብለው ሄዱ። በማግስቱ መጡ።

የጣት አሻራም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ማንበብ ለማይችል ተሳታፊ ገለልተኛ ምስክር ያስፈልጋል ይላል ጂሲፒ። ከጥናቱ ነፃ የሆነ፣ በጥናቱ ሰዎች ተጽዕኖ ሥር የማይወድቅ ማለት ነው። ሲቸኮል ግን ምስክር ተብላ የምትጠራው አጠገብ ያለችው ተረኛ ነርስ ናት። ነርሷን «አልተረዱም፣ አልፈርምም» በይ ብትሏት ትችላለች? አለቃዋ ያው አጥኚው ነው። እኛ ማንበብ የሚችል የሌላ ታካሚ አስታማሚ እንፈልጋለን። ጊዜ ይወስዳል። ያም ሆኖ አስታማሚዎች የሚጠይቁት ጥያቄ የጥናቱን አሠራር ከሚቆጣጠረው ሞኒተራችን ጥያቄ የሚበልጥበት ቀን አለ።

አሁን ወደምወደው ልምጣ፤ ሰዓትና ቀን። እኔ የወሰድኩት የኢንተርኔት ኮርስ ይህን አያነሣም። ለመረጃ ጥራት አልኮዋ የሚባል መመዘኛ አለ፦ ማን እንደጻፈው ይታወቅ፣ ይነበብ፣ በሰዓቱ ይጻፍ፣ ዋናው ቅጂ ይሁን፣ ትክክል ይሁን። ስህተት ሲኖር አንድ መስመር ይሰረዝበታል፣ ፊርማና ቀን ይደረግበታል፤ ፍሉድ አይነካውም። ይህን ሁሉም ያውቃል። ግን ነርሷ ደም የወሰደችበትን 3:15 ብላ ትጽፋለች፣ ማሽኑ 09:22 ያትማል። ጠዋት ከሆነ ይገባናል። የሌሊት ተረኛው «3:00» ብሎ ሲጽፍስ? በኛ አቆጣጠር ምሽት ነው፣ በፈረንጅ ግን ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው። የመድኃኒት መጠን በደም ውስጥ የሚለካበት ጥናት ላይ ይህ ልዩነት ውጤቱን ያበላሻል።

ቀኑ ደግሞ ይብሳል። የክትባት ካርድ ላይ 12/03/2017 ተጽፏል፤ ኅዳር 12 ነው፣ እነሱ ጋ ኖቬምበር 21 ቀን 2024። ዓመቱን የሚስት የለም፤ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ስህተት ራሱን ያሳብቃል። የአሥር ቀን ስህተት ግን ዝም ብሎ ያልፋል። «መስከረም መግቢያ ላይ ነው የተወለደው» ያሉት እናት ልጅ ሴፕቴምበር 1 ተብሎ ይመዘገባል፤ መስከረም 1 ግን ሴፕቴምበር 11 ነው፣ አንዳንዴም 12። ዕድሜው በሳምንት በሚቆጠር ሕፃን ጥናት ላይ ይህ መግባት የሌለበትን ልጅ ያስገባል። መርፌው የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። ስለዚህ እኔ ይህን የዳታ ክፍል ራስ ምታት ብቻ አድርጌ አላየውም። ያደረግነው ቀላል ነው፦ ቅጹ ላይ ሁለት ሳጥን፣ አንዱ እናትየው ያሉት እንዳለ፣ አንዱ የተቀየረው፣ ከጎኑ የቀያሪው ፊርማ። በየክፍሉ ግድግዳ ላይ ደግሞ በ24 ሰዓት የሚቆጥር ሰዓት ሰቀልን።

የጥናት ጽሑፍ ላይ ማን ደራሲ ይባላል በሚለው ጉዳይ ያን ያህል አልሄድንም፤ ወረቀት ይዞ የሚመጣ ጠፋ። መመዘኛው ግን ግልጽ ነው። አይሲኤምጄኢ የሚባለው የሕክምና መጽሔት አዘጋጆች ኮሚቴ አራት ነገር ይጠይቃል፦ በሐሳቡ ወይም በመረጃው ላይ ጉልህ ሥራ፣ መጻፍ ወይም በቁም ነገር ማረም፣ የመጨረሻውን ቅጂ ማጽደቅ፣ ለሥራው ተጠያቂ መሆን። አራቱም አንድ ላይ። «ስሜን እንዳትረሱ» የሚል አለቃ አንዱን እንኳ ላያሟላ ይችላል። እኔ የምመክረው ማን ደራሲ እንደሚሆን ፕሮቶኮሉ ሲጻፍ በሠንጠረዥ ማስቀመጥ ነው። ጥናቱ ካለቀ በኋላ ማንም ይሉኝታውን አያልፍም።

ሙያ ፈቃድ ለማደስ ሲፒዲ (የተከታታይ ሙያ ማጎልበቻ ነጥብ) ለምትሰበስቡ፦ ነፃ የውጭ ኮርስ ሰርተፍኬት ስለሰጠ ብቻ ይቆጠርልኛል ብላችሁ አትግቡ፤ አስቀድማችሁ አጣሩ። የኛ ሐሙስ አይቆጠርም። ቢሆንም እንቀመጣለን። የሚቀጥለው ተራ የላብራቶሪዎቹ ነው፤ የፍሪዘሩን የሙቀት መዝገብ ይዘው ይመጣሉ፣ በተለይ መብራት የጠፋባቸውን ቀናት።