63 እና 68 ላይ የተከመሩ ሽማግሌዎች

የካቲት 2015 ላይ አንድ የጥናት ቡድን በሞጣ ዙሪያ ቀበሌዎች ቤት ለቤት እየዞረ፣ 60 ዓመት የሞላቸውንና ከዚያ በላይ የሆኑትን ይለካ ነበር። ቁጥሩ የሚፈለገው ለአገራት ንጽጽር ነው፦ በሽታ፣ ድርቅ ወይም የጧሪ ልጅ ሞት ሲደርስ አንድ አገር አረጋውያኑን ምን ያህል ደግፎ ያቆማል? የዚህ ዓይነት መለኪያ ከዚህ በፊትም ተሠርቷል። ለአረጋውያን የሚሠራው ዓለም አቀፍ ድርጅት ሄልፕኤጅ ኢንተርናሽናል በ2015 እ.ኤ.አ. 96 አገራትን በገቢ ዋስትና፣ በጤና፣ በሥራና ትምህርት አቅም፣ በኑሮ አካባቢ ምቹነት ደርድሯል። ደረጃው ሲታተም አንድ መስመር ቁጥር ነው። ከቁጥሩ ሥር ግን ታብሌት ይዞ መደብ ላይ የተቀመጠ መረጃ ሰብሳቢ አለ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ዳታ ሲደመር ውጤቱ ደህና መሰለ። የአረጋውያኑ ጉልበት የሚለካበትን ከወንበር የመነሣት ፈተና ያለፉትና የወደቁት ድርሻ ማንም ከሚጠብቀው የራቀ አልነበረም። አማካዩ ደህና ስለመሰለ የሚጠራጠር አልተገኘም።

ነገሩን ያወጣው ዳታ የሚያጠራው ሰው ነው፤ ያየውም ፈተናውን ሳይሆን ዕድሜውን ነበር። እኛ አገር ዕድሜ ሲጠየቅ በ0 እና በ5 ላይ ይከመራል፤ «ስድሳ ቢሆነኝ ነው»፣ «ሰባ ሳልደፍን አልቀርም» ይባላል። ስለዚህ 60፣ 65 እና 70 ላይ ክምር ቢታይ አያስደነግጥም፤ ይልቅ ክምሩ ሲጠፋ ነው አንድ ሰው ቢሮ ቁጭ ብሎ ሞልቶታል ብሎ መጠርጠር የሚገባው። እዚህ ፋይል ላይ ክምሩ ነበር፤ የቆመው ግን 63፣ 68 እና 73 ላይ ነው። ስድሳዎቹ ደጃፍ ላይ፣ ማለትም 60፣ 61 እና 62 ላይ፣ ሰው ሳስቶ ይታያል። በ3 እና በ8 የሚያልቅ ዕድሜ የሚወድ ሰው ግን እኛ ዘንድ አልተለመደም።

ምክንያቱ ቅጹ ውስጥ ተገኘ። መረጃ ሰብሳቢው ዕድሜ ይጠይቃል፣ ከ2015 ይቀንስና የትውልድ ዓመቱን ይጽፋል። «55» ያለው ሰው 1960 ተብሎ ይገባል። ታብሌቱ ደግሞ በፈረንጅ አቆጣጠር የሚሄደውን የራሱን ሰዓት አይቶ 1960ን ከ2023 ላይ ይቀንሳል፤ 63 ይሆናል። 60 ያለው 68፣ 65 ያለው 73። ቅጹ ያሰላውን ዕድሜ ለጠያቂው አያሳይም፤ ከ60 በታች ሲሆን ብቻ ይዘጋል። ስለዚህ ከ1956 እስከ 1963 የተወለዱት፣ ገና 52 እስከ 59 ላይ ያሉት ሁሉ፣ አረጋዊ ተብለው ገብተዋል። ብዙዎቹ እኮ ገና በሬ ጠምደው የሚያርሱ ናቸው!

ተቆጣጣሪው ለማረጋገጥ ወደ አንድ ቤት ተመለሰ። ፋይሉ ላይ የሴትዮዋ ዕድሜ 62 ነው። «እማማ፣ ስንት ዓመተ ምሕረት ነው የተወለዱት?» ብሎ አልጠየቃቸውም፤ እናታቸው ስለ ልደታቸው ምን ይሉ እንደነበር ነው የጠየቃቸው። «ገበሬው በግብር የሸፈተ ጊዜ አራስ ነበርኩ ትለኝ ነበር፣ ልጄ» አሉት። የጎጃም ገበሬ የእርሻ ገቢ ግብርን እምቢ ብሎ የተነሣው በ1960 እና በ1961 ነው፤ ሞጣም ከመናኸሪያዎቹ አንዷ ነበረች። ሴትዮዋ 54 ወይም 55 ቢሆናቸው ነው። ከዚያ ወዲህ ቡድኑ የዘመን ማስታወሻ ወረቀት ይዞ ይዞር ጀመር፦ ጣሊያን የገባበት 1928፣ ነጻነት የተመለሰበት 1933፣ የግብሩ አመፅ፣ የ1966ቱ አብዮት፣ መሬት ላራሹ የታወጀበት 1967። «ያኔ ተወልደው ነበር? እረኛ ነበሩ? ወይስ አግብተው ነበር?» እየተባለ ሲጠየቅ ዕድሜ በሁለት ሦስት ዓመት ልዩነት ይያዛል።

ቅጹን ማስተካከሉ ቀላል ነው። የተባለው ዕድሜ እንደተባለ በአንድ ሳጥን ይገባል፤ የትውልድ ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር በሌላ ሳጥን፤ ልወጣ የሚሠራው በኋላ ነው። እሱም በአንድ ቋሚ ቁጥር አይሆንም፤ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ልዩነቱ 7፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ነው። በኅዳር የተሞከረ ቅጽ በየካቲት በአንድ ዓመት የሚስተው ለዚህ ነው።

ከ60 በታች የሆኑት ሲወጡ ግን ሌላ ጉድ ብቅ አለ። የወንበር ፈተናውን የወደቁት ድርሻ ዘለለ፤ ያውም ከተማ ዳር ባሉት ቀበሌዎች ትንሽ፣ ገጠር ገባ ባሉት እጅግ ብዙ። ፈተናው የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ለአረጋውያን እንክብካቤ ባወጣው መመሪያ ውስጥ ካሉት አንዱ ነው፤ ክንድ ሳይጠቀሙ ከወንበር አምስት ጊዜ መነሣትና መቀመጥ፣ በ14 ሴኮንድ ውስጥ። «ወንበር» ሲባል ግን መቀመጫው 45 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ያለ፣ መደገፊያ ያለው ነው። ከተማ ዳር የፕላስቲክ ወንበር አለ። ገጠር ገባ ሲባል መረጃ ሰብሳቢዎቹ በተገኘው በርጩማ ሲፈትኑ ሰንብተዋል። አንዱ በሜትር ሲለካ 27 ሴንቲ ሜትር ሆነ። ከዚያ ዝቅታ ጉልበት አጥፎ አምስት ጊዜ መነሣት ጎልማሳንም ያስቃትታል።

እንግዲህ የመጀመሪያው አማካይ ደህና የመሰለው ለዚህ ነበር። ያልደረሱት ሰዎች ውጤቱን ወደ ላይ ሲጎትቱ፣ አጭሩ በርጩማ ወደ ታች ጎተተው፤ ሁለቱ ስህተቶች መሀል ላይ ተገናኙ። የዕድሜው ስህተት ኮምፒውተር ላይ ተቃና። የበርጩማው አይቃናም፤ 27 ሴንቲ ሜትር ላይ የወደቀ ሰው 45 ላይ ያልፍ እንደነበር የሚናገር ቀመር የለም። ተመልሶ መፈተን ብቻ ነው።

ለዳግም ፈተናው ተመሳሳይ ወንበሮች ተገዝተው በባጃጅ፣ መንገዱ ካለቀበት ደግሞ በትከሻ ተጓዙ። የአፈር ወለል ላይ የፕላስቲክ እግር ይንሸራተታል፤ ስለዚህ ጀርባው ግድግዳ ላይ ይደገፋል፣ አንድ ሰው ከጎን ይቆማል። ጋቢ ሌላ ፈተና ነው። «ክንድዎን ያጣምሩ» ሲባሉ ሽማግሌው ከጋቢው ሥር ያጣምራሉ፤ ግን በመዳፋቸው ጭናቸውን ገፍተው ይነሣሉ፤ ከውጭ አይታይም። ጋቢ አውልቁ ማለት ነውር ነው። መፍትሔው መዳፋቸውን ከጋቢው በላይ ተቃራኒ ትከሻቸው ላይ እንዲያሳርፉ ማድረግ ነው። ሰዓቱ የሚቆመው በአምስተኛው ቀጥ ብለው ሲቆሙ ነው፤ ሲቀመጡ አይደለም።

ወሩ ሁዳዴ የገባበትም ነበር። «የምግብ ፍላጎትዎ ቀንሷል?» ሲባል መልሱ «ጾም ነው» ይሆናል፤ ይህ አዎም አይደለም፣ የለምም አይደለም። ቅጹ ላይ «ከጾሙ በፊትስ?» የሚል መስመር መጨመር ነበረበት። የወንበር ፈተናውም ከሰዓት በኋላ እህል ባልቀመሰ ሰው ላይ ሲሠራ ስለሚከብድ ሰዓቱ ይመዘገባል። የማስታወስ ጥያቄው ላይ ደግሞ ዛሬ ቀኑ ስንት ነው ሲባሉ አንዲት እናት «ኪዳነ ምሕረት» ብለው ስህተት ተሰጥቷቸዋል። ቀኑ የካቲት 16 ነበር! ከእሳቸው የበለጠ ማን አወቀ?

ማካካሱ ላይኛው ፎቅ፣ አገራት የሚደረደሩበት ቁጥር ላይም፣ አለ፤ ከበርጩማው ይልቅ እሱ ያሳስባል። አንድ አገር በጤና 0.9፣ በገቢ ዋስትና 0.1 ቢያገኝ ተራ አማካዩ 0.5 ነው፤ መካከለኛ አገር ይመስላል። ሁለቱ ተባዝተው ሥር ሲወጣላቸው ግን 0.3 ይሆናል፤ ጡረታ የሌላቸው ሽማግሌዎች በጤናው አይሸፈኑም። የሄልፕኤጅ መለኪያም የተጠቀመው ይህን ሁለተኛውን ነው፤ ልክ ነው። ሆኖም ብዜቱም ቢሆን ከሥር ተካክሶ የመጣን ቁጥር አያውቅም። የዕድሜው ስህተት ብቻውን ጉልበትን ሲያሳድግ የጡረታ ሽፋንን ዝቅ ያደርግ ነበር፤ የጡረታ መውጫው 60 ስለሆነ 55 ዓመት ያለው መምህር ገና ደመወዝተኛ ነው፤ ሽፋኑ በሚሰላበት አካፋይ ውስጥ ግን ጡረታ እንደሌለው አረጋዊ ይቆጠራል። ጧሪ ልጅ፣ መሬቱን ለእኩል የሚያርስለት ጎረቤት፣ እድር የሚሉት ድጋፎች ደግሞ ቅጹ ላይ «ሌላ» ከሚለው ሳጥን ውጭ ቦታ አልነበራቸውም። ያ ሳጥን ከሁሉም በላይ የተሞላው ነበር።

ከዳግም ፈተናው ቤቶች በአንዱ 71 ዓመት የሆናቸው እናት፣ በበርጩማ በ22 ሴኮንድ ወድቀው የነበሩት፣ ወንበሩ በትከሻ ሲመጣ ከደጅ አይተው ሳቁ። «ይኸን ተሸክማችሁ የመጣችሁት እኔ እንድቀመጥበት ነው?» እንዲነሡበት ነው ተባሉ። በ13 ሴኮንድ አምስተኛውን ቆሙ። ከዚያ ወንበሩ ላይ ተመልሰው ተቀመጡና ቡና እስኪፈላ አልነሣም አሉ።