ለመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ የምስጋና ደብዳቤ ማን ይጻፍላቸው?

በብዙ መሥሪያ ቤቶቻችን የዓመቱ ምርጥ ሠራተኛ ሲመረጥ የሚጠራው ስም አብዛኛውን ጊዜ ከሽያጭ፣ ከምህንድስና ወይም ከፋይናንስ ክፍል ነው። ጸሐፊዎች፣ የመዝገብ ቤት ሠራተኞች፣ ገንዘብ ያዦች፣ የንብረት ክፍልና የጠቅላላ አገልግሎት ባልደረቦች ዕድሉ የሚደርሳቸው «እነርሱም ቅር እንዳይላቸው» ተብሎ ተራ ሲወጣላቸው ነው። መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ በተካሄደባቸው ዓመታት «ዋና» እና «ደጋፊ» ተብሎ የተለመደው ክፍፍል በወረቀት ላይ የአደረጃጀት ጉዳይ ነበር፤ በቢሮ ኑሮ ውስጥ ግን ማን እንደሚመሰገንና ማን እንደሚዘነጋ የሚለይ መስመር ሆኖ ቀርቷል።

ከዚህ ቀደም በሠራሁበት አንድ የግል ድርጅት፣ ከአንድ አቅራቢ ጋር በተነሣ ክርክር ፍርድ ቤቱ የውሉን ዋና ቅጂ እንድናቀርብ አዘዘ። ውሉ ከተፈረመ ዓመታት አልፈውት ነበር፤ በመካከሉ ድርጅቱ ቢሮ ቀይሯል፣ የፈረሙት ኃላፊም ሥራ ለቀዋል። የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ወይዘሮ የዚያን ዘመን የወጪ ደብዳቤ መዝገብ ከመደርደሪያ አውርደው፣ ገጹን በጣታቸው ወደ ታች እየተከተሉ ውሉ የተላከበትን ሸኚ ደብዳቤ ቁጥር አገኙ። ከቁጥሩ ወደ ፋይሉ ሄዱ፤ ጀርባው የተላጠ ቦክስ ፋይል ሲከፈት ማኅተም ያረፈበት ዋናው ቅጂ ከነአባሪዎቹ እዚያው ተቀምጧል። ድርጅቱ ረታ፣ ለሕግ ክፍሉ ባልደረቦችም ቦነስ ተሰጠ። የወይዘሮዋ ስም በቃለ ጉባኤው እንኳ አልተጠቀሰም። ከሁሉ የሚገርመኝ ደግሞ፣ ለሕግ ባለሙያዎቹ የተጻፈውን የምስጋና ደብዳቤ ቁጥር ሰጥተው በየግል ማኅደራቸው ያስገቡት እኚሁ ሴት መሆናቸው ነው።

ችግሩ የኃላፊዎች ክፋት ነው ብዬ አላምንም። የአስተዳደር ሥራ በትክክል ሲሠራ ምንም ነገር አይታይም፤ የሚታየው ፋይል ሲጠፋ፣ ደሞዝ ሲዘገይ ወይም ስብሰባ ሲደራረብ ብቻ ነው። የአፈጻጸም መመዘኛ ቅጹም አይረዳም፤ «የገቡ ደብዳቤዎችን 100 በመቶ መመዝገብ» የሚል ዕቅድ፣ ደብዳቤ ተቀብላ ቁጥር ከምትሰጠው ሠራተኛ፣ ደብዳቤውን አንብባ «ይህ ጉዳይ ቀነ ገደብ አለው» ብላ ወደ ኃላፊው የምትሮጠዋን አይለይም። ሁለቱም እኩል ነጥብ ያገኛሉ። የሚያሳዝነው፣ ይህ ሙያ እንዲህ ተንቆ የኖረ አለመሆኑ ነው፤ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ የጽሕፈት ሚኒስትር የሆኑት ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ከታላላቆቹ ሹማምንት አንዱ ነበሩ።

የካቲት 29 ለሴት ሠራተኞች የሚታደለውን ነጠላና የሚቆረሰውን ኬክ አልቃወምም፤ እኔም በልቻለሁ። ነገር ግን ስጦታው ለሁሉም አንድ ዓይነት ስለሆነ የማንንም ሥራ አያውቅም፤ በማግሥቱም በደረጃ ዕድገት ላይ አንዳች ለውጥ አያመጣም።

ከስጦታ በፊት የሚከፈል ዕዳ አለ። ቦርድ ማምሻውን ሲሰበሰብ ጸሐፊዋ ሰነድ እያባዛች እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ትቆያለች፤ የትርፍ ሰዓት ስትጠይቅ «እኛ እኮ ቤተሰብ ነን» ትባላለች። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን ስለ ቤተሰብነት አይናገርም፤ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ለተሠራ ትርፍ ሰዓት መደበኛው የሰዓት ክፍያ በ1.5፣ ከዚያ በኋላ እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት በ1.75፣ በሳምንት የዕረፍት ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል ቀን ደግሞ በ2.5 ተባዝቶ እንዲከፈል ያዝዛል። ይህን ሳይከፍል የምስክር ወረቀት በፍሬም የሚያድል ድርጅት ሠራተኞቹን አመስግኗል ለማለት ይቸግረኛል።

ሥልጠናም እንዲሁ ነው፤ በጀቱ ሲደለደል ለአስተዳደር ሠራተኞች የሚተርፈው የግማሽ ቀን «የደንበኛ አያያዝ» ገለጻ ነው። ሰነድ በኮምፒውተር ማደራጀትን የተማረች የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነገ የክፍሉ ኃላፊ ልትሆን ትችላለች፤ ዕድገቱ የሚጀምረውም ከዚህ ነው።

ከሁሉ ርካሹ ደብዳቤ ነው። «ላሳዩት ትጋት» ከሚለው የተለመደ አረፍተ ነገር ይልቅ፣ የትኛውን ሰነድ በምን ጥረት እንዳገኙ፣ ድርጅቱም በዚህ ምክንያት ምን እንደተጠቀመ የሚዘረዝር፣ በሥራ አስኪያጁ የተፈረመና «ግልባጭ፦ ለግል ማኅደራቸው» የሚል ደብዳቤ ማለቴ ነው። የሰኔው የአፈጻጸም ምዘና ሳይደርስ የተጻፈ እንደ ሆነ፣ የዕድገት ኮሚቴው ማኅደሩን ሲከፍት ከቅጥር ደብዳቤውና ከዓመት ፈቃድ ቅጾቹ ሌላ የሚያነበው ነገር ያገኛል።