ጥፋቱ የጎማዋ ነው

«ቤዝ የለውም» ተብሎ መሳቢያ ውስጥ የተወረወረ ኢርፎን ሁሉ የተበላሸ አይደለም። ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ ጫፉ ላይ ያለችው የሲሊኮን ጎማ ነው። የጆሮ ቀዳዳ ውስጥ የሚገባ ኢርፎን ወፍራሙን ድምፅ፣ ማለትም ቤዙን፣ የሚያሰማው ጆሮውን በደንብ ሲደፍነው ነው። ትንሽ ክፍተት ከተገኘች ቤዙ በእሷ ሾልኮ ይወጣል፤ የሚቀረው ቀጭኑ፣ ጆሮ የሚበላው ጩኸት ነው። ሰው ታዲያ የጎደለውን ለመሙላት ድምፅ ይጨምራል። ቤዙ አይመጣም፤ የሚመጣው ራስ ምታት ነው።

ስለ ማዳመጫ ሳስብ ከብራንዱ በፊት ጎማዋ የምትታየኝ ለዚህ ነው። ካርቶኑ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት መጠን አለ፤ መካከለኛዋ ተገጥማ ትመጣለች፣ የቀሩት ከነላስቲካቸው ይጣላሉ። መፈተሻው ቀላል ነው። ቤዝ ያለው ዘፈን ከፍታችሁ ኢርፎኑን በጣት በስሱ ወደ ውስጥ ጫን አድርጉት። ስትጫኑት ቤዙ በድንገት ከጎላ ጎማዋ አንሳችኋለች፤ ትልቋን ሞክሩ። ሌላም መንገድ አለ፦ ዘፈኑን አጥፍታችሁ አውሩ። የራሳችሁ ድምፅ ከእንስራ ውስጥ የሚወጣ ከመሰላችሁ ጆሮው ተደፍኗል ማለት ነው። በአስር ደቂቃ ውስጥ የሚያም ከሆነ ግን ጎማዋ ተልቃባችኋለችና ወደ ትንሿ ውረዱ። የግራና የቀኝ ጆሮ ቀዳዳ እኩል ላይሆን ይችላል፤ በአንዱ መካከለኛ፣ በሌላው ትንሽ ማድረግ ነውር የለውም።

አገባቡም ራሱን የቻለ ነገር ነው። ኢርፎን እንደ ቡሽ በቀጥታ አይገፋም። ለቀኙ ጆሮ ግራ እጅን በራስ ላይ አሳልፎ የጆሮውን ጫፍ ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ ማድረግ ነው፤ ያኔ ቀዳዳው ይቃናል። በቀኝ እጅ እያዞሩ ማስገባት፣ ከዚያ ጆሮውን መልቀቅ። ስፖንጅ ጫፍ ያለው ደግሞ በሁለት ጣት ታሽቶ ይቀጥናል፣ ይገባል፣ ተነፍቶ ቀዳዳውን እስኪሞላ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ በጣት ይያዛል። ስፖንጁ ከሲሊኮኑ ይመቻል፣ የውጭ ጩኸትም ይከለክላል፤ ግን ላብና ኩክ ስለሚጠጣ በየጥቂት ወሩ መቀየር አለበት። ጎማ ለብቻው የሚገዛ ሰው የኢርፎኑን አንገት ውፍረት ያመሳክር። ጎማዋ ከሰፋችበት ኢርፎኑ ሲወጣ እሷ ጆሮ ውስጥ ትቀራለች።

ጆሮ የማይደፍነው ዓይነት፣ ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ የማንም ስሪት ይሁን «ኤርፖድ» እየተባለ የሚጠራው፣ ለቤትና ለእግር መንገድ ይመቻል፤ መኪና ሲመጣም ያሰማል። ታክሲ ውስጥ ግን ሞተሩ ዘፈኑን ይውጠዋል፣ እጅም ሳይታወቅ ድምፅ መጨመሪያው ላይ ይሄዳል። ጩኸት አጥፊ የሚባሉት ደግሞ የውጩን ድምፅ በማይክ ሰምተው ተቃራኒውን ሞገድ ያሰማሉ፤ ይህ የሚሠራው ሳይቋረጥ ለሚያጉረመርም ነገር ነው፤ ለሞተር፣ ለጄኔሬተር፣ ለአውሮፕላን። የረዳቱ «ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ!» ግን አልፎ ይገባል። ይህን ሳያውቁ ገዝተው «ተሸወድኩ» የሚሉ ሰዎች ያሳዝኑኛል። እዚህም ጎማዋ ካልደፈነች የተከፈለው ገንዘብ ግማሹ ባዶ ነው።

በራስ ላይ የሚደረገው ትልቁ ሄድፎን የራሱ ጣጣ አለው። ክብደቱን አስቀድሞ ማየት ይጠቅማል፤ «ደብልዩ ኤች 1000 ኤክስ ኤም 4» የተባለው የሶኒ ሄድፎን 254 ግራም ሲሆን የአፕሉ ኤርፖድስ ማክስ 385 ግራም ገደማ ነው፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ ልዩነቱን አንገት ይናገራል። አዲስ ሄድፎን አጥብቆ ከያዘ ከራስ ጥቂት ሰፋ በሚሉ የተደራረቡ መጻሕፍት ላይ ወጥሮ ማሳደር ይረዳል፤ በእጅ መለጠጥ ፕላስቲኩን ይሰብረዋል። መነጽር ያለው ሰው የመነጽሩ ክንድ በስፖንጁና በቆዳው መካከል ክፍተት ስለሚፈጥር ቤዙ ይቀንስበታል፣ ጆሮውንም ያመዋል፤ ቀጭን ክንድና ለስላሳ ስፖንጅ ይሻለዋል። ሹሩባ ወይም ሻሽ ላይም ያው ነው፤ ለእንዲህ ያለው ቀን ትንሿ ኢርፎን ትመረጣለች። ሰው ሠራሽ ቆዳው ሲላላጥ ሄድፎኑን መጣል አያስፈልግም፤ የስፖንጁን ቁመትና ስፋት በሚሊሜትር ለክቶ ሌላ መግዛት ነው።

ገመድ ወይስ ብሉቱዝ? እኔ ሁለቱንም በያዘ ሰው አልፈርድም። የብሉቱዟ ባትሪ ጥፍር የምታህል ስለሆነች ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ መድከሟ አይቀርም፤ መቀየርም አስቸጋሪ ነው። አንዷ ብቻ ቻርጅ አልያዝ ካለች ግን ተስፋ ከመቁረጥ በፊት ኬዙ ውስጥና እሷ ላይ ያሉትን የብረት ነጥቦች አልኮል በነካ ጥጥ መጥረግ ነው፤ ላብና አቧራ ይሸፍናቸዋል። ገመዱ መብራት ሲጠፋም ያገለግላል። የሚሞተው ጃኩ አንገት ላይ ነው፣ ኪስ ውስጥ እየታጠፈ የውስጥ ሽቦው ስለሚበጠስ፤ ጎኑ የታጠፈ ጃክ ይቆያል። ሲነቀልም ገመዱን ሳይሆን ጃኩን መያዝ ነው። የጃክ ቀዳዳ ለሌለው ስልክ መቀየሪያ ሲገዛ ተጠንቀቁ፦ ርካሹ ሽቦ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ስልኮች የሚፈልጉት ድምፁን ራሱ የሚቀይር ትንሽ ቺፕ ያለበትን ነው። በራሳችሁ ስልክ ሳትሞክሩ አትክፈሉ።

ለስብሰባ ኮምፒውተር ላይ ብሉቱዝ የሚጠቀሙ ሰዎች ድምፁ በድንገት እንደ ድሮ ስልክ ሲሆንባቸው ይደናገጣሉ። የማዳመጫው ማይክ ሲከፈት ብሉቱዙ ወደ ጥሪ አሠራር ስለሚዞር ነው። ማይኩን የላፕቶፑ አድርጉት፣ ማዳመጫው ለመስማት ብቻ ይቅር፤ ድምፁ ይመለሳል።

የኢርፎኑ አንዱ ጎን ድምፁ ከቀነሰ ጫፉ ላይ ያለው ወንፊት በኩክ ተደፍኖ እንደሆነ እዩ። ጎማዋን አውጥቶ በሳሙናና ለብ ባለ ውሃ ማጠብ፣ እስክትደርቅ መጠበቅ፤ ኢርፎኑን ግን ወንፊቱን ወደ ታች ደፍቶ በደረቅ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ማራገፍ። በመርፌ መነካካት ቆሻሻውን ወደ ውስጥ ይገፋዋል።

ድምፁን በተመለከተ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ያስቀመጠው ልክ 80 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) በሳምንት 40 ሰዓት ነው፤ 90 ከሆነ ወደ 4 ሰዓት ይወርዳል። አንድ እጅ ርቀት ላይ ያለ ሰው ሲናገር የማይሰማችሁ ከሆነ ወይ ድምፁን፣ ወይ ጎማዋን ተመልከቱ።

ሱቅ ስትገቡ የራሳችሁን ስልክና በደንብ የምታውቁትን ዘፈን ያዙ። ግራና ቀኙን ለየብቻ ስሙ፣ ድምፃችሁን ቀድታችሁ ማይኩን ፈትኑ፣ ሻጩ ቢቸኩልም አስር ደቂቃ ጆሮ ላይ አቆዩት። ካርቶኑን ከፍታችሁም ጎማዎቹን ቁጠሩ።