የተሰረዘው ዝላይ

ሰሞኑን ከሐሳቤ ያልወጣ ሰው አለ። ዮዜፍ ሳቦቭቺክ ይባላል፤ በ1963 እ.ኤ.አ. ብራቲስላቫ ውስጥ የተወለደ ስሎቫካዊ የበረዶ ላይ ስኬተር ነው። ያኔ ስሎቫኪያ ለብቻዋ አገር ስላልሆነች ሲወዳደር የኖረው በቼኮዝሎቫኪያ ስም ነው።

በ1984 የሳራዬቮ ኦሊምፒክ ከስኮት ሃሚልተንና ከብራያን ኦርሰር ቀጥሎ ነሐስ አገኘ። በ1985 ደግሞ የአውሮፓ ሻምፒዮን ሆነ። ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ ብቻ ይታወስ ነበር። እኔን ያብከነከነኝ ግን የ1986ቱ ነው።

ቦታው ኮፐንሃገን፣ ውድድሩ የአውሮፓ ሻምፒዮና። ሳቦቭቺክ የጫማውን ጥርስ በረዶው ላይ ተክሎ ተነሳና አየር ላይ አራት ጊዜ ዞረ። ቶ ሉፕ የሚባለው ዝላይ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ በውድድር ላይ አራት ዙር ዞሮ ያረፈ ተብሎ የተመዘገበ ሰው አልነበረም። መጀመሪያ ላይ ዝላዩ ተቀባይነት አገኘ። ሻምፒዮናውንም አሸነፈ።

ከሳምንታት በኋላ ግን ዝላዩ ተሰረዘ። ሲያርፍ ሌላኛው እግሩ በረዶውን ነክቷል ተባለ።

አንድ ሰው ይህን ሲዘል ምን እንደሚገጥመው ሳስበው ልቤ ይሰቀላል። አራቱን ዙር ለመጨረስ ያለው ጊዜ አንድ ሰከንድ እንኳ አይሞላም። ከዚያ ወደ ኋላ እየተንሸራተተ፣ በአንድ እግር፣ በቀጭን ብረት ጠርዝ ላይ ማረፍ አለበት። የሰውነቱ ክብደት በሙሉ እዚያች ጠርዝ ላይ ነው የሚያርፈው። ሌላው እግር ሚዛን ፍለጋ በረዶውን ቢነካ ምን ይገርማል? ሕግ ነው፣ ይከበር፤ በዚህ አልከራከርም። እኔን የሚቆጨኝ ጊዜው ነው። በዕለቱ እዚያው አልሆነም ቢሉት አንድ ነገር ነው። እንኳን ደስ አለህ ብለው ከሰጡት በኋላ መንጠቅ ግን ይከብዳል።

ዛሬ ቢሆን ነጥብ ይቀነስበት ነበር እንጂ ዝላዩ አይሰረዝበትም።

በ1988 ካናዳዊው ከርት ብራውኒንግ ቡዳፔስት ላይ ያንኑ ቶ ሉፕ በአራት ዙር ዘለለ። በመዝገብ የመጀመሪያው ተብሎ የሰፈረው እሱ ነው። ይገባዋል፤ ጎበዝ ነበር። ሳቦቭቺክ በዚያ ሰዓት ጉልበቱ አስቸግሮት ከውድድሩ ዓለም ወጥቷል።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታሪኩን ግን በጣም ነው የምወደው። አኩርፎ አልተቀመጠም። የበረዶ ትርኢቶች ውስጥ ገብቶ ዓመታትን ሠራ። በውድድር ተከልክሎ የነበረውን ወደ ኋላ የመገልበጥ ዝላይ ለተመልካች እየዘለለ ያሳይ ነበር። ሰዉም ዘላዩ ጆ እያለ ይጠራው ጀመር። አርባን ካለፈ በኋላ እንኳ በረዶ ላይ ወጥቶ ይዘል ነበር። በዚያ ዕድሜ፣ በዚያ ጉልበት! ይህን የሚያደርግ ሰው ዝላይን ለሜዳሊያ ብሎ ብቻ እንዳልወደደው እርግጠኛ ነኝ። በኋላም አሜሪካ፣ ዩታ ውስጥ ልጆችን ወደ ማሰልጠን ገባ።

የብራውኒንግን ክብር ማንም አይንካበት። ስለ አራት ዙር ዝላይ የሚጠይቀኝ ካለ ግን ወሬዬን የምጀምርለት ከኮፐንሃገን ነው።